እሳት ያልነካው ወይን

አርብ ከሰዓት በኋላ ተዘራ የወይን ጠርሙሱን ጠረጴዛው መሀል ሲያቆም፣ የበጉን ቀይ ወጥ የምታማስለው ሚስቱ ማንተገብሽ አየችው። ፊቷ ወዲያው ጠቆረ።

«አንተ ሰው፣ ዛሬ እንኳ ተው! ሱቅ ሂድና እሳት የነካውን ግዛ። አቪ አልጠጣም ቢልስ? የልጃችንስ ጋብቻ?»

«አልገዛም» አለ። ተዘራ አንዴ አልገዛም ካለ፣ ሄርዝል ጎዳናን ከዳር እስከ ዳር ቢያዞሩት አይገዛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ እስራኤል አንድ ወይን መጥመቂያ ውስጥ በርሜል ይሞላ ነበር። እሳት ያልነካውን ወይን አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው ከነካው ሃይማኖተኛ አይጠጣውም፤ በእሳት የሞቀ ከሆነ ግን ማንም ቢነካው ግድ የለም። አንድ ቀን ማሽጊያሑ፣ የምግቡን ሕግ የሚቆጣጠረው ሰውዬ፣ «የእናንተ የኢትዮጵያውያን ይሁዲነት ገና አልጠራም» ብሎ ከበርሜሉ አራቀው። ኢየሩሳሌም ብሎ ከጎንደር ሱዳን ድረስ በእግሩ የተጓዘውን ሰው! አንጀቱ አረረ። በማግስቱ ሥራውን ትቶ ቂርያት ቫይዝማን በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የጥገና ሥራ ገባ። በየዓመቱ ግን የወይን ፍሬ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ ጨምቆ፣ በረንዳው ላይ ይጠምቃል። እሳት አያስነካውም።

ዛሬ ማታ የልጁ የሞሪያ እጮኛ አባቱን ይዞ ይመጣል። አባትየው አቪ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ብርጭቆውን ከገፋ ዝምድናው እዚያው ማዕድ ላይ ይበላሻል። ተዘራም ይህን ያውቃል።

ሰንበት ገባ፤ እንግዶቹም ተቀመጡ። ተዘራ ጠርሙሱን ከፍቶ ለሁሉም ቀዳ።

«እሳት አልነካውም» አለ በዕብራይስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ከፍሬው ጀምሮ የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ።»

«አባ፣ ዳይ፣ በቃ!» አለች ሞሪያ በሹክሹክታ። ማንተገብሽ ዓይኗን ጨፈነች።

ተዘራ ብርጭቆውን አንሥቶ ባረከ። አቪ «አሜን» አለና አሽትቶ ጠጣ። ዳቦው ተቆርሶ ራት ሲጀመርም ከወጡ ጎረሰና ደገመ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

«ኃይለኛ ነው፤ ለበርበሬው ይመጥናል» አለ። «ግን ቸኩለሃል፣ ተዘራ። አንድ ዓመት ቢቆይ እንዲህ አይጎመዝዝም ነበር።»

የተዘራ ፊት በደስታ ፈካ። በዚህ አገር የተወቀሰው ሁልጊዜ እጁ ነበር፤ ወይኑ ተወቅሶለት አያውቅም።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለና የአቪን ብርጭቆ እስከ አፉ ሞላ። «በረንዳው ላይ የቀረውን ለሠርጉ አቆየዋለሁ።»