የአማቴ ወፎች

ነገሩ ከሆነ ሦስት ዓመት ሞላው። ግን ዶዮገና በሄድኩ ቁጥር እንደ አዲስ ያሳፍረኛል። ምናልባት ብጽፈው ይቀለኝ ይሆናል።

ካገባሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዶዮገና፣ የባለቤቴ ወላጆች ቤት የሄድኩት በመስቀል ሰሞን ነበር። አማች ነኝና ከወንበር አያስነሱኝም። እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አይሆንልኝም። አንድ ጠዋት የባለቤቴ እናት የስጋ መክተፊያው ጣውላ እየተንገዳገደ እንዳስቸገራቸው ሲያማርሩ ሰማሁ። በቃ፣ ሥራ አገኘሁ።

ሁሉም ገበያ እንደወጡ ጣውላውን ይዤ መንገድ ዳር ወዳለው አናጺ ሮጥኩ። ከስር ያለው ፊቱ ጥላሸትና ሞራ የተጋገረበት፣ ጎድጎድ ባሉ ጭረቶች የተሞላ ነበር። ምስጥ የበላው መስሎኝ ሁለቱንም በኩል በመላጊያ እንዲልገው ነገርኩት። እንደ ጠረጴዛ ለስልሶ ወጣ። ማንም ሳያየኝ ቦታው መለስኩትና ራሴን ጎበዝ አልኩ።

ምሳ ላይ አባባ የምላቸው የባለቤቴ አባት ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ስዕል አሳዩኝ። እንሰት ላይ ያረፉ ሰባት ወፎች፣ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም የታተሙ። ተማሪ ሳሉ አንድ መምህር አስተምሯቸው፣ እንጨት ላይ ቀርጸው ያተሙት ራሳቸው ናቸው። ስልሳ ዓመት አልፎታል። ሌሎቹን ለሰው ሰጥተው የቀረው ይህ ብቻ ነው።

"ለእናንተም አንድ አትማለሁ፤ ቀለሙን ከሆሳዕና አስመጥቻለሁ" አሉ። "የቀረጽኩበት እንጨት አለ። እናታችሁ ጀርባው ላይ ስጋ ትከትፍበታለች።"

ጠዋት ያስላግኩት ጣውላ ለካ ያ ነበር። ልውጣ ብል በየት በኩል? ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ በሩ ጋ ዘመድ ተደርድሯል፣ እኔን ደግሞ አክብረው ከጠረጴዛው ጀርባ ጥግ አስገብተውኛል። ታመምኩ ልበል? አናጺው ላይ ላላክክ? እናትየው "ያስተካከለልኝ ሰው ይባረክ" እያሉ ጣውላውን ይዘው ከጓዳ ገቡ።

አባባ ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት። በመዳፋቸው ዳበሱት።

"እኔ ነኝ አባባ" አልኩ። "መክተፊያ ብቻ መስሎኝ አናጺ ጋ ወስጄ አስላግኩት።"

ቢቆጡ ደስ ባለኝ። አልተቆጡም። ተነስተው ስዕሉን ከምስማሩ አወረዱና ጭኔ ላይ አስቀመጡት።

"ለካ ለእናንተ የቀረው ይሄኛው ኖሯል። ያዝ ልጄ" አሉኝ።

እንዲተዉት ለመንኳቸው። ግን የአማት ስጦታ ይመለሳል እንዴ?

ዛሬ ወፎቹ ሆሳዕና ሳሎናችን ውስጥ ናቸው። እንግዳ ማን እንደሠራቸው ሲጠይቅ በኩራት እናገራለሁ፤ እንጨቱስ የት አለ ካለ ግን ሻይ ላምጣ ብዬ እነሳለሁ። ዶዮገና ግድግዳው በጊዜ ብዛት ጠቁሮ፣ ስዕሉ የነበረበት ቦታ ብቻ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀርቷል። አባባ ሌላ ነገር አልሰቀሉበትም። የአማች መቀመጫ ደግሞ ልክ ፊት ለፊቱ ነው። በሄድኩ ቁጥር ክንዴን ይዘው እዚያው ያስቀምጡኛል።