ታምሜ አይደለም፣ ልከሳ ነው

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ቀርከሃ እየሰነጠቀ ወንበር የሚሠራ ሽባባው የሚባል ሰው አለ። እሱን የማያውቅ የባጃጅ ሹፌር የለም። ወንበር ሠርቶ ሲጨርስ መጀመሪያ የሚቀመጥበት ራሱ ነው፤ ገዢውም ሌላ ነገር ከመጠየቁ በፊት «ሽባባው ተቀምጦበታል?» ይላል። ሽባባውን ችሎ ያልጮኸ ወንበር ለልጅ ልጅ ይተርፋል ማለት ነው። በዚህ ቀልድ ከሁሉ በላይ የሚስቀው ራሱ ነበር። ሳቁ ከሆዱ ይነሣና ትከሻውን ነቅንቆ፣ ዐይኑን አስለቅሶ ይወጣል። በዚህ መስከረም ግን ሳቁ ከጉሮሮው አላልፍ አለው። ነገሩ የፈረስ ነገር ነው።

ፈረሱ ዳማ ነው፤ እግሩ ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም፣ ቆሞ እንኳ የሚሄድ የሚመስል። አባቱ ሲያርፉ የተውለት እሱን ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መንደር የአጎቱ ልጅ ወገኔ ይጠብቅለታል። ጥር ሃያ ሦስት፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ የአገው ፈረሰኞች ሜዳውን ሲሞሉት ሽባባው ለብዙ ዓመት ከተመልካች ጋር ቆሞ ሲያጨበጭብ ኖረ። ወፍራም ነዋ! ዳማው ደግሞ እንደ እሸት አገዳ ነው፤ ማን ይጨክንበታል?

አምና ግን ከሳ። ጧት ጧት ጤዛው ሳይረግፍ ከከተማው እስከ ወገኔ ደጅ በእግሩ ሄደ፤ ዳቦና ጠላ ተወ፤ እራቱን ገመሰ። ለምን እንደሆነ ለማንም አልነገረም። ለማን ይነገራል? በዚህ አገር ሰው ሰውን ሲመርቅ «ወፍረህ ልይህ» ይላል እንጂ «ክሳልኝ» ብሎ የመረቀ ማን አለ? ጥር ሲመጣ ግን ወጣበት። ዳማው በቀዩ ግላስ አጊጦ ሜዳውን ሲቆርጠው፣ ሽባባው እንባው በነፋስ ወደ ጆሮው እየሸሸ እንዲህ ብሎ አዜመ፦

ሜዳው ይመሰክራል ሳር ቅጠሉ ሁሉ፣
ፈረስና ጌታው አንድ ሆነው ሲውሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ቀን ካገኘ ምን ጎደለው?

የጎደለው ከበዓሉ በኋላ መጣ። ሜዳ ላይ ያዩት ሁሉ ፊቱን ልብ ብለውት ኖሯል። «ሽባባው ሟሟ!» ተባለ። አንዱ ስኳር ነው አለ፣ ሌላው ጨጓራ ነው አለ። የዕድሩ ሰዎች ተሰብስበው ሊጠይቁት መጡ፤ ድፎ ዳቦ፣ እርጎ፣ እንቁላል ይዘው። «አይዞህ፣ እግዜር ይማርህ» እያሉ ከበው ተቀመጡ። ወሬው ዳንግላ ደርሶ አማቱ እታለማሁ፣ ቅቤያቸውን በቅል፣ ዶሮዋን በብብት አድርገው በሚኒባስ ከች አሉ።

«ብላ ልጄ፣ በሞቴ! ልጄን ያለ ባል ልታስቀርብኝ ነው?»

«እኔ እኮ አልታመምኩም። ምን ሆንኩ ብለው ነው?»

«የታመመ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉና አጎረሱት።

ሽባባው ሰው አያሳፍርም። ጠያቂው ያመጣለትን ሁሉ እየበላ መረቀ። ጾሙ ሲገባ በተልባ፣ ፋሲካ ሲመጣ በቅቤ ደገፉት። ከዚያ ክረምቱ ገባ፤ የእንጅባራ ሰማይ አንዴ ከከፈተው አይዘጋውምና ሽባባው ከቤቱ ጥግ ቀርከሃውን ታቅፎ ቀረ። የሄደው ውፍረትም መንገዱን ያውቀዋልና ተመልሶ መጣ። ይባስ ብሎ ሰው ሁሉ ደስ አለው። «እሰይ፣ ማረህ! አሁን ሰው መሰልክ!» እያለ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመው።

መስከረም ሲጠባ፣ አደዩ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ሽባባው ዳማውን ሊያይ ወገኔ ዘንድ ሄደ። ናፍቆት ነውና ወጣበት። ከመንደሩ ጫፍ ያለችውን ትንሽ ዳገት እንኳ ሳይጨርሱ የፈረሱ ትንፋሽ ቁና ቁና ሆነ፤ የፊት እግሩ ተንቀጠቀጠ። ሽባባው ወረደ። ግንባሩን በላብ ከራሰው አንገት ላይ አስደግፎ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዳማዬ» አለው።

ወገኔ ከአጥሩ ሥር ሆኖ አይቷል። «እኔ ልንገርህ፣ አትቀየመኝ» አለ። «ዘንድሮ ወንድሜ ይሄይስ ይውጣበት። እሱ እንደሆነ ሚስት ካገባ ወዲህ እንኳ ግራም አልጨመረም። ፈረሱም አይጎዳ፣ ቤታችንም ከሜዳ አይቅር። እሑድ የፈረሰኞቹ ማኅበር ሲገናኝ ማን ምን ይዞ እንደሚወጣ ይጠየቃል፤ ቁርጡን እዚያ ንገረን።»

ሽባባው ወደ ቤቱ ተመለሰ። ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ዘውድነሽ እራት ብታቀርብ አልነካ አለ።

«አሁንስ በውነት ታመምክ?»

«ዳማውን ለይሄይስ ልሰጥ ነው። እንደገና ከሀ ልጀምር? አንዴ ያን ሁሉ ወጥቼ ወረድኩ። ልቤ እምቢ አለኝ፣ ዘውዴ።»

«አምና ለዳማው ብለህ ነው የከሳኸው?»

«ታዲያ ለምን መሰለሽ?»

ዘውድነሽ አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች። «እኔማ ጧት ጧት ተነሥተህ ስትወጣ፣ ምግብም ስትቀንስ ጊዜ፣ እዚያ መንደር ሴት የያዝክ መስሎኝ! ጦምና ጸሎት ያዝኩብህ እኮ!»

«ሴት?!»

«ምን ላድርግ፣ አትናገርም! አንተ አፍህን ስትዘጋ አገሩ ዶሮ ይዞ መጣ። ወንድ ልጅ ልቅጠን አይልም ብለህ አፍረህ ነው አይደል?» ከጎኑ ተቀመጠች፤ ወንበሩ ጮኸ። «እኔ ወፍረህም ወድጄሃለሁ። ግን ያን ቀን ፈረሱ ላይ ሳይህ፣ ልጅ ሆነህ ቤታችን ደጅ ስትመላለስ የማውቀው ሽባባው መጣብኝ። ለሌላ አትስጥብኝ። ተናገር።»

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ፈረሰኞቹ ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ጠላው ዞረ። የማኅበሩ ሽማግሌ አያ ምህረቴ እያንዳንዱን በየተራ ጠየቁ፤ የሽባባው ተራ ደረሰ።

«ዳማው ላይ ማን ይወጣል? ይሄይስ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

ይሄይስ ቀና አለ። ሽባባው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ተነሣ።

«እኔ ነኝ፣ አያ። አምና ታምሜ አልነበረም፤ ሆን ብዬ ነው የከሳሁት። ዘንድሮም ታምሜ አይደለም፣ ልከሳ ነው። የሚወደኝ ሰው ዳቦ ይዞ አይምጣብኝ!»

አያ ምህረቴ ጽዋቸውን አስቀመጡ። «ለፈረስ ብለህ?»

«ለፈረሴ ብዬ። እርስዎ ምን ይፈርዳሉ?»

ሽማግሌው በአገውኛ አንድ ነገር ጣል ሲያደርጉ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ለከተማው ሰው እንዲሰማ በአማርኛ፣ ጣታቸውን ጽዋው ላይ እየመቱ አዜሙት፦

ለቆንጆ ሲከሱ አይተናል ባገሩ፣
ይኸስ ለዳማ ነው የሽባባው ፍቅሩ።

ጠላ ቀጂው ሽባባው ጋ ሲደርስ ማንቆርቆሪያውን አቀና አደረገና አለፈው። «ለበሽተኛ አንቀዳም፤ ፍቅር ይዞታል» አለ። ሽባባው ሳቀ። ያ የድሮው፣ ከሆድ የሚነሣው ሳቅ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

ይሄይስ ብቻ አኩርፎ ሣር ይነጫል። ሽባባው አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ ጉልበቱ እየተንቋቋ።

«ተቀየምከኝ?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቀው፣ ጋሽ ሽባባው!»

«እስከ ጥር ድረስ ዳማው እንዳይሰንፍ የሚያሠራው ቀላል ሰው እፈልጋለሁ። አንተ ትጋልበዋለህ፣ እኔ በእግሬ እከተላለሁ። ጥር ደርሶ ካልከሳሁ ውሰደው፤ እኔው ራሴ ግላሱን አለብስልሃለሁ።»

ይሄይስ አየት አደረገው። «በእግርህ? ዳማውን?»

«በእግሬ።»

ሰኞ ጧት ጉሙ ከሜዳው ሳይነሣ ወጡ። ዳማው ፊት ፊት በሶምሶማ፣ ሽባባው ከኋላ፣ የለበሰው ሹራብ ደረቱ ላይ ተጣብቆ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተነፈሰ። ይሄይስ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ዞረ።

«ልጠብቅህ?»

«ሂድ!» አለ ሽባባው፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «አታዘግየው፤ መጣሁ።»