ሐኪም ያዘዘው ቅጠል

ባሌ አንዋር ሰንበቴ ገበያ የፍየል ደላላ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የፍየል ዓይን ሲገልጥ የኖረ ሰው ነው። የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ሳብ አድርጎ ውስጡን ያያል። ቀይ ከሆነ "ማሻአላህ፣ ውሰዳት" ይላል። ከነጣ "ደም የላትም፣ ተዋት" ይላል፤ አለቀ። ከአፋር የሚመጣ ነጋዴ ሁሉ የሱን አውራ ጣት ያምናል። የራሱን ዓይን የሚገልጥለት ግን አልነበረም።

አምና ሰውነቱ ይዝል ጀመር። ከቤታችን መስጊድ እስኪደርስ ሦስቴ ያርፋል። ምላሱ ቀልቶ ሽሮ እንኳ ያቃጥለዋል። ደላላ ደግሞ ያለ ምላስ ምን ይሠራል? ድምፁ አልወጣ ሲል ደንበኞቹ ወደ ሌላ ደላላ ይዞሩ ጀመር። "ሙቀቱ ነው" ይለኛል። የምንኖርባት የከሚሴ ሙቀት ዛሬ ተፈጠረ እንዴ? እውነቱን ልናገር፣ በወጉ እህል ከበላ ቆይቷል። ጧት ሻይ፣ ከሰዓት ጫት፣ ማታ "አላሰኘኝም"። ሰውዬው ከእጄ ሊወጣ ነው ብዬ ፈራሁ። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ሲስተር አመልማል የምትባል ነርስ ደሙን አስመርምራ ስታነጋግረው፣ እኔ መድኃኒት ልቀበል ተሰልፌ ነበር። ጥፋቴ ይኸው ነው። ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

"ምን አለችህ?"

"ደም ማነስ ነው። የቅጠል ቫይታሚን ጎድሎዎታል፣ አረንጓዴ ቅጠል በየቀኑ ያዘውትሩ አለችኝ።"

እሱና ጓደኞቹ ጫትን በስሙ አይጠሩትም። "ቅጠል ገባ?" ነው የሚባባሉት። ወላሂ ብሎ ማለልኝ፤ ደግሞ አልዋሸም። ከዚያን ቀን ወዲህ አንዱ የጫት እስር ሁለት ሆነ። ስቆጣው "ሐኪም ያዘዘውን ነው የምፈጽመው" ይላል። ክኒኑንማ ከኮቱ ኪስ አላወጣውም። "ክኒኑ የቅጠል ምትክ ነው፤ ቅጠሉ ራሱ እያለ ምትኩን ምን አደርገዋለሁ?" ይለኛል። ከዚህ ሰው ጋር ተከራክሮ የሚረታ ዳኛ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰንበቴ ላይ፣ የአንዲት ፍየል ዓይን ሊገልጥ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ዘጭ አለ። አንድ የአፋር ሽማግሌ፣ የጥንት ደንበኛው፣ ደግፎ አስቀመጠው። ከዚያ የአንዋርን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቱ ሳብ አድርጎ አየና "ይሄንን አልገዛም" አለ። ገበያው ሁሉ ሳቀ። አንዋር ግን አልሳቀም። የነርሷን ምክር እንደፈለገው የተረጎመ ሰው ይህንን አመነ።

ቤት እንደገባ መስታወት ፊት ቆሞ የዓይኑን ቆብ ገለጠ። "ዓፊያ" ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ "እንደኔ የነጣች ፍየል ባገኝ ለማንም አልሸጣትም።" አለኝ፤ እኔም አለቀስኩ።

በነጋታው አብረን ሄድን። ሲስተር አመልማል ታሪኩን ስትሰማ እስኪደክማት ሳቀች። "አቶ አንዋር፣ ጫት የሚል ቃል ከአፌ ወጥቷል? የጎደለዎት ፎሊክ አሲድ ነው፤ ሰውነት ደም የሚሠራበት። ከጎመን፣ ከምስር፣ ከሽምብራ ይገኛል። ጫቱማ ምግብ እየዘጋብዎት ነው እዚህ ያደረሰዎት። ክኒኑንም ይዋጡት እንጂ ኪስዎ ደም የለው።"

እኔ "ይበለው፣ የታባቱ" እያልኩ በልቤ ስደሰት ወደኔ ዞረች። "እርስዎስ ጎመኑን እንዴት ነው የሚሠሩት?"

"ሦስቴ ቀቅዬ፣ ውሃውን ሦስቴ ደፍቼ" አልኩ በኩራት።

"ቫይታሚኑን አብረው ነዋ የደፉት።"

አንዋር ያን ቀን እስከ ቤት አላረፈም፤ በኔ ሲስቅ መድከሙን ረሳው። አሁን ጎመኑን ለአፍታ ነው እሳት የማሳየው፣ ምስርና ሽምብራም አይጠፋም። ክኒኑን ዓይኔ እያየ ይውጣል። ጫቱን ጨርሶ ተወ ብዬ አልዋሽም፤ ሳይበላ ግን አያየውም፣ አላሳየውም።

ከአራት ወር በኋላ ሽንኩርት ልገዛ አብሬው ሰንበቴ ወረድኩ። ከሩቅ ድምፁን ሰማሁት፤ እንደ ድሮው ገበያውን ይዞታል። ያ ሽማግሌ መጣ፣ የአንዋርን የዓይን ቆብ ሳብ አድርጎ አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

"ማሻአላህ" አለ። "ይሄ ስንት ነው?"

ደላላው አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ። "አይሸጥም" አልኩት።