የአክስቴ ጡሩምባ

ሞጣ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ ቃል ያለቦታው ሲገባ ያንገበግበኛል። ትምህርት ሲዘጋ ቢቸና አክስቴ ዘንድ እሄዳለሁ።

አክስቴ ዕድሜያቸውን ደጀን ላይ ለሾፌርና ለመንገደኛ ምግብ ሲሸጡ ኖረው፣ በስተርጅና ወደ ተወለዱበት ቢቸና ተመልሰው ዳቦ ቤት ከፈቱ። ዳቦው ግሩም ነው፤ ገዢ ግን የለም። እሳቸውን የከነከናቸው ደግሞ ገበያው አልነበረም። «ጎረቤቱ ሁሉ እንደ መንገደኛ ነው የሚያየኝ። ብሞትስ ማን ይቀብረኛል?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አንድ የወረዳ ሠራተኛ ዳቦ ሊገዛ ገብቶ «እማማ፣ ፕሮሞሽን ያስፈልግዎታል» ብሏቸው ሄደ። እኔ ስደርስ ተቆጥተው ጠበቁኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ ምን ዕድገት ነው የሚሰጡኝ? መንግሥት ቤት ተቀጥሬያለሁ እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። በቢሮ አማርኛ ፕሮሞሽን ማለት የደረጃ ዕድገት ነው፤ እኛ መምህራንም ስንጠብቀው የምንሸብተው እሱን ነው።

«የለም፣ ማስተዋወቅ ማለቱ ነው» አልኋቸው።

«ማንን ከማን ጋር?»

ወይ ጣጣ! «እሺ፣ ማስታወቂያ ይበሉት» ብላቸው፣ «እሱማ ቀበሌው በር ላይ ተለጥፎ ፀሐይ ይበላዋል፤ ማን ያነበዋል?» አሉኝ። ትዕግሥቴ አለቀ።

«ሰው እንዲያውቅዎ ማድረግ ነው፣ በቃ!»

«እንዲያ በለኛ! ይኼማ የጡሩምባ ነፊው ሥራ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው ግን የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ አስጠርተው «ዳቦ ቤቴን ንገርልኝ» አሉት። በማግሥቱ ጠዋት ሰውዬው ጡሩምባውን ይዞ ወጣ። ችግሩ፣ የሚያውቀው አነፋፍ አንድ ብቻ ነው፤ የለቅሶ። ረዘም አድርጎ ነፋና የአክስቴን ስም ጠርቶ «ቤታቸው ኑ!» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳቦ ያለውን ማን ይስማው!

አክስቴ ዳቦ ከምድጃ እያወጡ ሳለ፣ ሰፈሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ እያለቀሰ ግቢውን ሞላው። የእግዜር ሰላምታ እንኳ የማትሰጣቸው የምትመስለኝ ጎረቤት «እኔን! አንድ ቀን ደጃቸውን ሳልረግጥ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። አንዲት አሮጊት የአክስቴን እናት በስም እየጠሩ «እንዳንቺው እኮ ደግ ነበረች» ይላሉ። እኔ ሁኔታውን ላስረዳ ብዬ አፌን ብከፍት ድምፄ በለቅሶው ተዋጠ።

ይኼን ጊዜ አክስቴ እጃቸው ዱቄት እንደነካ በሩ ላይ ብቅ አሉ።

«በስመ አብ!» አለ ለቀስተኛው።

ጡሩምባ ነፊው «ዳቦ ብያለሁ እኮ!» እያለ ይምላል። አሮጊቷ «ምነው፣ እንባችንን በከንቱ!» ብለው ተቆጡ። የዕድሩ ዳኛ ደግሞ ጡሩምባ ለንግድ እንደማይነፋ በኃይለ ቃል ተናገሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

አክስቴ ግን አላፈሩም። ሰዉን አንድ በአንድ አዩት፤ ፊቱ ሁሉ በእንባ ርሷል። ከዚያ ትኩሱን ዳቦ እየቆረሱ ለሁሉም ማደል ጀመሩ።

«ብሉ፤ ተዝካሬን በቁሜ ብሉልኝ።»

ሰው ሳቀ፤ በላም። አክስቴ ወደ እኔ ዞረው እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ።

«አየህ ልጄ፣ ያውቁኛል» አሉኝ። «ቀባሪ አለኝ።»