ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ማጥፊያ

ለሥራ ተመድቤ ባሕር ዳር ስመጣ ደርግ ሥልጣን ከያዘ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። የፋብሪካ ሸማኔ ነበርኩ። ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ክፍል የተከራየሁት ከፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ነው። የማክሰኝት ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ እጁ ግን ሥራ ፈትቶ የማያውቅ። እሱ የቀን ፈረቃ፣ እኔ የሌሊት ፈረቃ ስለሆንን አንድ አልጋና አንድ ብስክሌት ለሁለታችን ይበቃን ነበር። እሱ ማታ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ጠዋት ስገባ እሱ ይወጣል። አልጋው ሁልጊዜ ሞቆ ስለሚጠብቀኝ፣ የምኖረው ከሰው ጋር ሳይሆን ከሰው ሙቀት ጋር ነው እያልኩ እቀልድበት ነበር።

አንድ ሰሞን የጎረቤት ብስክሌት ከግቢ ውስጥ ተሰረቀ። ጓደኛዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሬት ላይ ሽቦ ዘርግቶ ተቀመጠ። መብራቱ ቀላል ነበር፤ ከወተት ቆርቆሮ የፊት መብራት ሠርቶ ከዲናሞ ጋር አገናኘው። የኋላዋን አምፖል ከየት እንዳመጣው ባልነገረኝ ቀይ የጥፍር ቀለም ቀባት። ያስቸገረው ማንቂያው ነው። ሚስማር በሽቦ ቀለበት ውስጥ አንጠለጠለ፤ ብስክሌቱ ከተነቃነቀ ሚስማሩ ቀለበቱን ይነካና በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ የአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል። ከተጣለ ማሽን የነቀላት ሪሌ የምትባል የኤሌክትሪክ ማገናኛ ደግሞ አንዴ ከነከሰች አትለቅም፤ ማጥፊያው ካልተነካ ጩኸቱ አይቆምም። ማጥፊያው ከኮርቻው ቆዳ ሥር ነው። በዓይን አይታይም፤ ጣት ብቻ ያገኘዋል።

ድምፁን ግን አልወደድኩትም። ቀጭንና የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ አፉን በትራስ የታፈነ ሰው ጩኸት ይመስላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ድምፅ ለመስማት ማንም አይቸኩልም።

«በተራህ ብስክሌቱን ባቆምክ ቁጥር ማንቂያውን ክፍት አድርገው» አለኝ። «ስታስረክበኝ ብቻ አጥፋው። ጠፍቶ ካገኘሁት ተራው የእኔ ሆነ ማለት ነው።» እንደዚሁ ተስማማን። እኔ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እየረሳሁ አስጮኸው ነበር። እሱ በስህተት ያስጮኸበት አንድም ቀን ትዝ አይለኝም።

አከራያችን አሮጊት ብስክሌቱን በክፉ ዓይን ያዩት ጀመር። አንድ ቀን እኔ ተኝቼ ሳለ ጠበል አምጥተው ረጩበት። ውሃው የማንቂያው ሽቦዎች ያሉበት ሳጥን ውስጥ ገባና ማንቂያው ኡኡ አለ። ደንግጬ ስወጣ እሳቸው ጣሳቸውን እንደያዙ ቆመዋል።

«አየህ፣ ልጄ? ጠበሉ አስለፈለፈው» አሉኝ።

ማታ ጓደኛዬ «እትዬ፣ ውሃ ገብቶበት እኮ ነው» ቢላቸው፣ «ውሃውማ ጠበል ነው» ብለው አፉን አስያዙት። ሳጥኑን በሰም ደፈነና «ከእንግዲህ ውሃ አይገባውም፤ ዙሪያውን ደፍኜዋለሁ» አለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማታ ሳይመጣ ቀረ። በእግሬ ወደ ሥራ ስሄድ ብስክሌቱን ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማንቂያው ክፍት ነበር። አላስረከበኝም ማለት ነው። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ ጠፋ፤ የሚያውቅም ቢኖር አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ቤት ድረስ መጥተው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። «ቢመጣ ትነግረናለህ። ሳትነግረን ከቀረህ አንተን እንወስዳለን» አሉኝና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ምሽቱ ከበደኝ። ዲናሞው ጎማው ሲቆም አብሮ ስለሚያርፍ፣ ድሮ የእሱን መምጣት የማውቀው ከሐይቁ በኩል የሚመጣው መብራት በራችን ላይ ድርግም ብሎ ሲጠፋ ነበር። አሁን ግን የማንም መብራት በአጥራችን አጠገብ ሲጠፋ ልቤ ትቆማለች። ይምጣ እላለሁ፤ ደግሞ አይምጣ እላለሁ።

ነሐሴ ገባ፤ ጾመ ፍልሰታ ነበር። አከራያችን ቅዳሴ ሄደዋል፤ እኔ የሌሊቱን ድካም ተኝቻለሁ። ቀትር አልፎ ሐይቁ ላይ የተከመረው ደመና ግቢውን አጨልሞት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በዚያ መሀል ማንቂያው ጮኸ።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ሰሙ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበት ይሆናል አልኩ። ቀጥዬም እነዚያ ሰዎች ሊፈትኑኝ መጥተው ይሆናል አልኩ። ጆሮዬን አቆምኩ። የእግር ኮቴ የለም፤ በር የሚያንኳኳም የለም። ያ የታፈነ ድምፅ ብቻ ከግድግዳው ማዶ ይጣራል። ብርድ ልብሱን እስከ ራሴ ተከናነብኩ። እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት ሌባውንም ሰዎቹንም አልነበረም። እሱ እንዳይሆን ነበር የፈራሁት።

ብዙ ጮኸ። ከዚያ ክር እንደሚበጠስ ቀጥ አለ። ዝናቡ ብቻ ቀረ። ያኔም አልተነሣሁም።

አከራያችን ሲመለሱ በሬን አንኳኩ። «የግቢው በር ወለል ብሎ አገኘሁት። ሰው መጥቶ ነበር?»

«የለም፣ እትዬ» አልኩ።

እሳቸው ሲገቡ ወደ ብስክሌቱ ሄድኩ። ከቤቱ ክፈፍ ሥር እንዳቆምኩት ቆሟል። የሳጥኑ ሰም ደህና ነው፤ ውሃ የሚገባበት ስንጥቅ የለውም። ጣቴን ከኮርቻው ሥር ሰደድኩ። ማጥፊያው ተዘግቷል፤ ማንቂያውን ሰው አጥፍቶታል። እኔ ጠዋት ከፍቼው ነበር የገባሁት። መልሼ ከፈትኩትና ነካ አደረግኩት፤ እንደ ድሮው በሙሉ ድምፁ ጮኸ። የባትሪ ድንጋዩም አልደከመም።

ዝናብ ሊያስጮኸው ይችላል፤ ዝናብ ግን አያጠፋውም። ሌባ ማጥፊያውን አያገኘውም። የሠራው ሰው ደግሞ ተሳስቶ አያስጮኸውም። በስሜ ቢጣራ፣ በር ቢያንኳኳ ጎረቤት ይሰማዋል፤ ያን ጩኸት ግን ሠፈሩ ሁሉ ለምዶታል። እየጠራኝ ነበር። ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣኝ አጥፍቶ አስረከበኝ። ሊያመልጥበት የሚችለውን ብስክሌት ለእኔ ትቶ በዚያ ዝናብ በእግሩ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለኝ ሰው የለም።

አከራያችን ጩኸቱን ሰምተው «ደግሞ ጀመረው?» እያሉ ወጡ። በማግሥቱ ጠበላቸውን በጣሳ ይዘው መጡ።

«ብስክሌቱን ይተዉት፣ እትዬ» አልኳቸው። «እኔን ይርጩኝ።»

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። ፊቴ ላይ ረጩኝና እንድለፈልፍ ጠበቁ። እኔ ግን ዝም አልኩ።