ዳገት ላይ የምታድረው ፒክአፕ

በሙቀቱ ወራት አሰብ ላይ ቤት ውስጥ የሚተኛ አልነበረም። አልጋችንን ደጅ እናወጣና መንደሩ ጎን ለጎን ተደርድሮ ያድራል። እንግዲህ ባለቤቴ የሚነዳት መኪና ሊነጋጋ ሲል አልነሳ ስትል ማን ማን እንደሚቀሰቀስ አስቡት።

የናፍጣ ፒክአፕ ነበረች። የአንድ ዓሣ ነጋዴ ንብረት ናት፤ የኔው ሰውዬ ሾፌሯ። ጠዋት በረዶ ይጭናል፣ በሰጋቱራና በጆንያ ይሸፍነዋል፣ ባሕሩ ዳር ራሔይታ ለአጥማጆቹ ያደርሳል። ፀሐይ ከቀደመችው በረዶው ውሃ ነው፣ ዓሣውም ይሸታል። ሁለት ጠዋት ካረፈደ በኋላ ነጋዴው፣ «ወላሂ፣ አንድ ቀን ብትደግመኝ ቁልፉን ለሌላ ሰው ነው የምሰጠው» አለው። ያ ሥራ ከቀረ ወደ ደሴ መመለሳችን ነው። እኔ ደግሞ ባሕሩን ገና አልጠገብኩትም ነበር።

መጀመሪያ ጎረቤቶች ሽርጣቸውን እያሸረጡ ከአልጋቸው ተነስተው ይገፉለት ነበር። አንደኛው፣ የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን፣ ቀልደኛ ነው። «እኛንም ገፊ ብለህ አስመዝግበንና ደመወዝ እንብላ» አለው አንድ ጠዋት። ሁሉም ሳቁ። ባለቤቴ ግን ይሉኝታ ገደለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን አጠገብ ያለችው ጉብታ ላይ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጎ ያቆማታል፤ ጠዋት ፍሬን ለቆ ወደ ኋላ እያንደረደረ ሊያስነሳት፣ ሰው ሳያስቸግር።

ባሰባት። ተንደርድራም ትንሽ ታስልና ቀጥ ትላለች። ያኔ ወርዶ ፊልትሮው፣ የናፍጣ ማጣሪያው፣ ላይ ያለችውን ናፍጣ የምትስብ ትንሽ የእጅ ፓምፕ ክንዱ እስኪዝል ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትነሳው።

«ካንዴሌታው ነው፤ ሞተሩን የሚያሞቀው» አለ ቴክኒሻኑ።

«አልጋ ደጅ በምናወጣበት አገር ምኗን ይበርዳታል?» አልኩት።

«እትዬ፣ መኪናና ሰው አንድ አይደሉም።»

ካንዴሌታው ተቀየረ። እሷ እንደሆነች ያው ናት።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ነጋዴው ልጁን ሲድር መኪናዋ ሁለት ሌሊት እሱ ግቢ አደረች። ሁለቱንም ጠዋት ቁልፉ ገና ሲነካ ተነሳች። ዱሮ ደልዳላ ላይ ያስገፋት የነበረው ካንዴሌታው ከሆነ ተቀይሯል፤ የቀረው ልዩነት የነጋዴው ግቢ ደልዳላ ነው፣ የኛ ጉብታ። ይህን እያሰብኩ ስንት ቀን ወጥ አሳረርኩ።

አንድ ረፋድ ከበርሜሉ ውሃ በጎማ ስቤ ወደ ጀሪካን እቀዳለሁ። ጎማው መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ኖሮ አየር ሳበና ውሃው ግልብጥ ብሎ ወደ በርሜሉ ተመለሰ። ጎማውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ወጥቼ ፒክአፗን አየኋት። የናፍጣ መያዣዋ ከኋላ ዝቅ ብሏል፣ ሞተሯ ጉብታው ላይ ወደ ሰማይ ተሰቅሏል።

ባለቤቴ ለምሳ ሲመጣ፣ «ናፍጣው ሌሊቱን ወደ ኋላ ቢመለስስ?» አልኩት።

«አየር ካልገባ ምን ይመልሰዋል?»

«እኮ፤ በየት እንደሚገባ እንፈልጋ።»

ሊስቅ ብሎ ተወው። ኮፈኑን ከፍቶ የናፍጣውን መስመር በጣቱ ተከተለ፤ እኔም ከጎኑ አንገቴን አሰገግኩ። ፊልትሮው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ በብረት ማሰሪያው ሥር፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል፤ ዙሪያውን አቧራ ረጥቦ ተለጥፎበታል። የተሰነጣጠቀ ጫፉን ቆርጦ ጣለና እንደገና ጥብቅ አድርጎ አሰረው።

ማታ መኪናዋን ደልዳላው ላይ ሊያቆም ሲል፣ «ጉብታው ላይ ካላደረች መዳኗን በምን እናውቃለን?» አልኩት።

«በእንጀራዬ ልትሞክሪ ነው አንቺ?»

ጉብታውን በአገጬ አሳየሁት። ቁልፉን በእጁ ሲያገላብጥ ቆየና ነድቶ ጉብታው ላይ አወጣት።

ጠዋት ከሱ ቀድሜ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ገባ፣ ፍሬኑን አልለቀቀም፣ ቁልፉን አንድ ጊዜ አዞረ። ተነሳች። ቴክኒሻኑ በልማዱ ነቅቶ ሽርጡን እያጠበቀ መንገዱ መሐል ቆሟል፤ መኪናዋ ወርዳ በአጠገቡ ስታልፍ ወደ እኔ ዞረ።

«ከሥራ ተባረርን ማለት ነው፣ እትዬ?»

ከሰዓት ባለቤቴ ሲመለስ፣ አጥማጆቹ ገና ከጀልባ ሳይወርዱ እንደደረሰ፣ በረዶውም ጠርዙ እንዳልሟሸሸ ነገረኝ። ደስ አለኝ። እኔ ግን ከጠዋት ጀምሮ ልጠይቀው ያሰብኩት ነገር ነበረኝ፤ ያቺን የቆረጣትን የጎማ ቁራጭ የት እንደጣላት። አምጥቶ ሰጠኝ። ደጃፍ ተቀምጬ ወደ ብርሃኑ አዙሬ በቀዳዳዋ ወደ ውስጥ አየሁ፤ አየሩ በገባበት ስንጥቅ በኩል የፀጉር ያህል ቀጭን ብርሃን ገባ።