ሦስት ዙር በዲምቱ የበቆሎ ማሳ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11:40፣ ሶዶ

ጋሽ ባሳ ግቢው ውስጥ ሆነው የፒክአፓቸውን ክላክስ ሁለቴ ሲያሰሙ እኔ ገና አንድ እግሬን ነው ጫማ ውስጥ የከተትኩት። አከራዬ ናቸው። የሞተር ጋራዥም አላቸው፤ ሶዶ ውስጥ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን እሳቸው ፊት ቆሞ ተለማምጧል። ዩኒቨርሲቲው ጂኦግራፊ እንዳስተምር ካመጣኝ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ከቤታቸው አልወጣሁም፣ ሞተራቸው ላይም አንድ ቀን አልወጣሁም። ሞተር እፈራለሁ። አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምታነቡት አድናቆት ከሞተር ወዳጅ የመጣ እንዳይመስላችሁ ነው።

«መምህር፣ ና ግባ» አሉኝ በሩን ከውስጥ እየገፉልኝ። ጋሽ ባሳ ሲቸኩሉ ሴት መሆኔን ይረሱታል። በወላይትኛ ሲናገሩ ቃል የማይሳሳቱት ሰውዬ አማርኛው ላይ እኔን ወንድ ማድረግ ይቀናቸዋል፤ እኔም ማረሙን ትቼዋለሁ።

የምንሄደው ከመርክነህ ጋር ነው። ሶዶ ላላችሁ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ ፎቶውን በባጃጅ መስታወት ላይ አይታችሁታል። ለሌሎቻችሁ ግን፦ መርክነህ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ዲምቱ አጠገብ ተወልዶ በሞተር ስኳር ድንች እያመላለሰ አደገ። ሐዋሳ ላይ የመጀመሪያ ውድድሩን በኮንጎ ጫማ ገብቶ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አንድ የኬንያ ቡድን ወሰደው። ሰባት ዓመት ሙሉ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ሩዋንዳ ውስጥ በአፈር ሜዳ ላይ ሞተር በመወዳደር ብቻ ኖረ። ሌላ ሥራ አያውቅም። ከአሥር ወር በፊት ግን ከኋላው የዘለለ ተወዳዳሪ ላዩ ላይ አረፈና የግራ ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አሁን አጥንቱን የያዘው ብረት ነው። ሐኪሙም ይህ አጥንት ድጋሚ ከተሰበረ የሚጠገን እንዳልሆነ ነግሮታል።

ዛሬ የቡድኑ ኃላፊ ከናይሮቢ መጥታ ትፈትነዋለች። ሦስት ዙር ይነዳል። አንዱን ዙር በአንድ ደቂቃ ከአርባ ሁለት ሰከንድ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ከጨረሰ የአንድ ዓመት ውል ይፈርማል። ካልሆነ በቃ፣ ዘመኑ አበቃ።

መርክነህ ቤት በር ላይ ስንደርስ ሞተሩን ከኋላ ጭነን በገመድ አሰርነው። ባለቤቱ ምሕረት ነርስ ናት፤ ከሌሊት ተረኝነት ገና መግባቷ ነው። አብራን ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኳት። አንድም ውድድሩን አይታ እንደማታውቅ፣ የተሰበረ ሰው በሥራዋ ላይ እንደሚበቃት ነገረችኝ። የመርክነህን ትከሻ ነካ አድርጋ ገባች።

ጠዋት 1:20፣ በዴሳ

ከሶዶ እየወረድን ነው። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ባሕር ዛፍ፣ ከመንገዱ ዳር የሸንኮራ አገዳ እስር፣ አህያ ጋሪ፣ ቢጫ ጀሪካን፣ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች። ቅዳሜ ለምን የደንብ ልብስ እንደለበሱ ጋሽ ባሳን ብጠይቃቸው ሌላ የክት ልብስ ስለሌላቸው ይሆናል አሉኝ። ጂኦግራፊ ማስተማር እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከመጠየቅ አያድንም።

በዴሳ ላይ ለቁርስ ቆምን። ቦዬ የሚባል የተቀቀለ ሥራ ሥር በዳታ ቀረበልን። ዳታ የወላይታ የበርበሬ ማባያ ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በልቼውም ዛሬም እንባዬን አወረደው። መርክነህ ግማሽ ቦዬ በልቶ ሳህኑን ገፋ አደረገ። ቦት ጫማውን ከቤት አድርጎት ነው የመጣው፤ ማያያዣዎቹን በየደቂቃው ይነካካቸዋል።

ያን ጊዜ አንድ ሞተር አለፈ። ሹፌሩ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጆንያ አስሯል፣ ከኋላው ደግሞ ሁለት ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ ተቀምጣለች። ኩርባው ላይ ሲደርስ ገላውን ወደ አንድ ወገን ጣል አድርጎ ጭነቱን እንዳለ አዞረው። መርክነህ እስኪሰወር ድረስ በዓይኑ ተከተለው።

«እኔ እንደዚያ ነው የተማርኩት» አለኝ። «ጆንያ ሁለት ጎን ይታሰራል። እግር በየት ይወጣል? ቦታ የለም። ስለዚህ እግር እዚያው መርገጫው ላይ ይሆናል፤ የሚያዞረው ወገብ ነው።»

ነገሩ በደንብ የገባኝ ጋሽ ባሳ ሲያብራሩልኝ ነው። በአፈር ላይ የሚወዳደር ሰው ሁሉ ኩርባ ላይ የውስጥ እግሩን ዘርግቶ ያወጣል፤ ሞተሩ ቢንሸራተት መሬት ረግጦ ይደግፈዋል። መርክነህ አያወጣም። ናይሮቢ እንደሄደ ሳቁበት፣ በስዋሂሊ ጆንያ ለማለት «ጉኒያ» ብለው ስም አወጡለት። ሁለቱም እግሮቹ መርገጫው ላይ ስለሚሆኑ ግን ሞተሩ ረግቶ ኩርባውን ከሌሎቹ ጠበብ አድርጎ፣ መስመሩን ሳይለቅ ይወጣል። በሁለተኛው ዓመት ሳቁ ቆመ፤ ስሙ ግን ቀረ፤ ተመልካቹ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ «ጉኒያ» እያለ ይጠራው ጀመር።

ጠዋት 3:00፣ ዲምቱ

ሙቀቱ ሶዶን አስረሳኝ። ማንጎ በመንገድ ዳር ተከምሯል። ከዋናው መንገድ ወጥተን በጋሪ መንገድ ትንሽ እንደነዳን የመርክነህ ታላቅ ወንድም ማሳ ላይ ደረስን።

እንዲህ ያለ የውድድር ሜዳ በሕይወቴ አላየሁም። ክረምት በቆሎ ይዘራበታል። በቆሎው ታጭዶ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ ባለው ጊዜ ብቻ ሜዳ ይሆናል። ወንድምየው መንገዱን በበሬ አርሶ አለስልሶታል፤ ሦስት የአፈር ጉብታ ተከምሯል፤ አቧራው እንዳይነሳ በአህያ ጋሪ በርሜል ውሃ እየመጣ ተረጭቷል። የታረሰው መንገድ ከላይ ሲታይ በማሳው ውስጥ ስምንት ጊዜ ይታጠፋል። በእግሬ ብዞረው ሩብ ሰዓት ይፈጅብኛል።

ሰፈሩ በሙሉ ከዛፎቹ ሥር ተቀምጧል። «ሃሹ፣ ሃሹ» እያሉ ተቀበሉን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለት ነው። ቀጥሎ ከሐዋሳ በኩል አንድ ነጭ መኪና መጣና የቡድኑ ኃላፊ ዋንጂኩ ወረደች። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ አጭር ፀጉር ያላት፣ በአንገቷ ሰዓት ያንጠለጠለች ሴት ናት። በእንግሊዝኛ ተጫወትን። ሰባት ዓመት እግርህን አውጣ እያለች ስትለምነው እንደኖረች፣ አንድም ቀን እንዳልሰማት ነገረችኝ። እየተማረረች ነው የነገረችኝ፤ ኩራቷ ግን ይታወቅባት ነበር።

መርክነህ ሄልሜቱን ከማድረጉ በፊት ጋሽ ባሳ እጃቸውን ነዳጅ ታንከሩ ላይ ጭነው በወላይትኛ ጸለዩ። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ አሜን አለ። ጸሎቱ ረዘም ሲል ዋንጂኩ ሰዓቷን አየት አደረገች፣ ከዚያ አፍራ አንገቷን ደፋች።

ረፋድ 4:30፣ ማሳው ላይ

የመጀመሪያው ዙር አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰባት። ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ከአርባ አራት። ቁጥሩን ስጽፍ ማየቱን ትቼው ነበር ማለት ይቻላል። ሦስተኛው ሲጀመር ደብተሬን ዘጋሁት።

እንዴት ልንገራችሁ። የሞተሩ ድምፅ ወደ ኩርባ ሲገባ ይቀንሳል ብዬ ስጠብቅ አይቀንስም። የኋላ ጎማው ወደ ውጭ ይንሸራተታል፣ አፈሩ ይበተናል፣ መርክነህ መሬት ሊነካ እስኪቃረብ ይዘነበላል፤ ሁለቱ ቦት ጫማዎች ግን መርገጫው ላይ እንዳሉ ናቸው። ጉብታውን ዘልሎ ሲያርፍ ድምፅ አይሰማም። ያ በጠዋት ማያያዣውን ሲነካካ የነበረ፣ ከመኪና ሲወርድ በሩን ይዞ ግራ እግሩን ቀስ ብሎ ያስቀመጠ ሰውዬ የት እንደገባ አላውቅም። የጋሽ ባሳን እጅጌ ጨምድጄ ይዤ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ቀሩ። እንዲህ ያለ ነገር የሰው ልጅ መሥራት እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ አሁን አውቄያለሁ፣ ደስ ይለኛል።

መስመሩን ሲያልፍ ዋንጂኩ ሰዓቷን ተጫነችና ለጋሽ ባሳ ዘረጋችላቸው። አንድ ደቂቃ ከአርባ አንድ። እልልታው ቀለጠ።

መርክነህ ግን ወደ እኛ አልመጣም። ሞተሩን አጥፍቶ አስተኛው፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ በእግሩ ወደ መጨረሻው ኩርባ ተመለሰና ቁጭ ብሎ አፈሩን ያይ ጀመር። እግሩን አሞት መስሎኝ ሮጥኩ። ዋንጂኩ ውሉን እንደያዘች ተከተለችኝ። ጋሽ ባሳ ከኋላችን ቀስ እያሉ መጡ።

ከጎማው መስመር በግራ በኩል፣ በታረሰው አፈር ላይ፣ አንድ ክንድ የሚሆን ትንሽ ፈለግ ነበር።

«ይሄ የጎማ አይደለም» አለኝ። «እግሬ ነው። ወጣ። እኔ አላወጣሁትም።»

ዋንጂኩ ነገሩ ሲገባት ሳቀች። ታዲያ ምን አለበት አለችው፤ ሁሉም ያወጣል፤ ሰባት ዓመት ስለምንህ የኖርኩት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ አድርገኸው ሰዓቱንም አሟላህ። እስክሪብቶውን ዘረጋችለት። መርክነህ በእንግሊዝኛ መለሰላት፤ ከዚያ በትክክል እንድጽፈው ብሎ ለእኔ በአማርኛ ደገመልኝ።

«አስቤ ባወጣው ጥሩ ነበር። ፈርቶ ነው የወጣው። ሲወጣ ሞተሩ መስመር ለቀቀ፣ ይሄው፣ እዚህ ጋ ወደ ውጭ ሄዷል። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ውድድር ላይ ከኋላዬ ሃያ ሰው አለ። መርክነህ መስመር አይለቅም ብለው ነው ተጠግተውኝ የሚገቡት።»

አንድ ወር ልምምድ ይበቃሃል አለችው። ራሱን ነቀነቀ። እጅ ቢፈራ ማስተማር እንደሚቻል፣ ይህ እግር ግን ሳይጠይቀው እንደወጣ፣ ሌላ ጊዜም መቼ እንደሚወጣ እንደማያውቅ ነገራት። ውሉን ተቀብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ አጥፎ፣ እዚህ አገር ለታላቅ ሰው ዕቃ እንደሚሰጠው፣ በሁለት እጁ መለሰላት።

ዋንጂኩ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አቅፋው ስትለቀው ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«አሳንቴ፣ ጉኒያ» አለችው። አመሰግናለሁ ማለቷ ነው።

ከዛፎቹ ሥር ያለው ሕዝብ ይህን አልሰማም። እልልታው አልቆመም ነበር።

ከቀኑ 8:00፣ ወደ ሶዶ

መርክነህ ከኋላ ወንበር ተኝቷል፣ ወይም የተኛ መስሏል። ዳገቱን ስንጀምር ጋሽ ባሳ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እግሩ ሲወጣ እንዳዩት ነገሩኝ። እሳቸው የቆሙት ልክ ኩርባው ትይዩ ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አላየሁም።

«እሱ ዝም ካለ ዝም ልል ነበር» አሉኝ። «ሃያ ዓመት ሞተሩን የሠራሁ ሰው፣ እንዳይጎዳ ስጸልይ የኖርኩ ሰው፣ ሰዓቱን ሳይ ደስ ብሎኝ ዝም ልል ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ።»

ከዚያ በኋላ በዴሳን እስክናልፍ ስለ ራሴ አሰብኩ። ሳላምንበት የፈረምኳቸው ወረቀቶች፣ ተማሪ ሳያውቅብኝ ያለፍኳቸው ስህተቶች፤ ብዙ ናቸው። አጨብጫቢ ሞልቶልኝ፣ ሰዓቱም ለእኔ መስክሮልኝ፣ ወደ ኋላ ሄጄ አፈሩን የማይ አልመሰለኝም። ሞተር ሲነዳ ባደነቅሁት ላይ ይህን ጨመርኩበት፤ ይህኛው በለጠብኝ።

ከቀኑ 9:45፣ ሶዶ

ወሬው በስልክ ቀድሞናል። ምሕረት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ ከጀርባዋ ሁለት ጎረቤቶች አሉ። ፊቷን አስተካክላ ነው የጠበቀችው፤ መሸኘቱን ለምዳዋለችና።

«ፈተናውን አልፏል ብለው ደወሉልኝ» አለችው። «መቼ ነው የምትሄደው?»

«አልሄድም።»

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አንድም ውድድር ላለማየት ሰባት ዓመት የታገለችው ሴት ግን ተቆጣች። አሥር ወር ግድግዳ ይዞ የተራመደው ለዚህ እንደነበር፣ ሌሊት ሌሊት ያሸችው እግር ለዚህ እንደነበር፣ ካለፈ በኋላ የሚያስቀረው ምን እንደሆነ በጎረቤቶቹ ፊት ጠየቀችው። ለእሷ ብሎ የተወው ከሆነ እንደማትቀበለው ነገረችው።

«እግሬ ወጣ» አላት።

ለእኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ነገር ለእሷ በሁለት ቃል ገባት። እጁን ይዛ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፤ ከፊቱ በርከክ ብላ የግራውን ቦት ጫማ ማያያዣዎች አንድ በአንድ ትፈታለት ጀመር።